«ብርድ ነው» ከማለት በፊት፦ የትንንሽ ልጆችን ሕመም ለይቶ መያዝ

ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። እናት ልጇን በፎጣና በጋቢ ጠቅልላ ትገባና ገና ወንበር ሳትይዝ «ሲስተር፣ ብርድ ነው የመታው» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ እውነቷን ነው፤ ጉንፋን ይዞታል፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥም ይለቀዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ብርድ የተባለው የሳንባ ምች ሆኖ ይገኛል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ከሳንባ ምቹ ጀርባ ልጁ ከማሕፀን ይዞት የወጣው የልብ ክፍተት ይወጣል። ይህ ጽሑፍ ወላጅ በቤቱ ሆኖ ምን ማየትና ምን መቁጠር እንደሚችል፣ መቼ መጠበቅ፣ መቼም ወደ ጤና ተቋም መሮጥ እንዳለበት ያስረዳል። መድኃኒት ማዘዝ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ልጁን አስተውሎ ማየት ግን ከእናቱና ከአባቱ የተሻለ የሚችል የለም።

በቅድሚያ የሚታዩ የአደጋ ምልክቶች

ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በታመመ ጊዜ፣ የሕመሙ ስም ምንም ይሁን ምን፣ በቅድሚያ የሚጠየቁት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ይችላል? የሚወስደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦታል? ከወትሮው በተለየ ፈዝዟል፣ ተዝለፍልፏል ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ብሏል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ በቤት የሚሞከር ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ልጁን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት፤ በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን በጩኸት አይመጣምና። ጡት መጥባቱ ይቀንሳል፣ እጅ እግሩ ይላላል፣ ሰውነቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል፤ አለዚያም በተቃራኒው ከ35.5 በታች ይቀዘቅዛል። ብዙ ወላጅ ትኩሳትን ይፈራል እንጂ መቀዝቀዝን አይፈራም፤ በአራስ ልጅ ግን መቀዝቀዙ የትኩሳቱን ያህል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ የሚያስፈራ ምልክት ነው።

ሳልና ትንፋሽ

ጉንፋንን ከሳንባ ምች የሚለየው የሳሉ ብርታት ወይም የአክታው መልክ ሳይሆን የትንፋሹ ፍጥነት ነው። ይህንን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ብቻ ነው፤ የእጅ ስልክም ይበቃል። ልጁ ሲያለቅስ ወይም ትኩሳቱ ገና ሳይበርድ የተቆጠረ ትንፋሽ ያሳስታል፤ ስለዚህ ተኝቶ ወይም በእናቱ እቅፍ ረጋ ብሎ ሳለ ልብሱን ከሆዱና ከደረቱ ገለጥ አድርጎ፣ ሆዱ ከፍ ያለበትን ጊዜ አንድ እያሉ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይገባል። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይመከርም፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ ስላልሆነ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። የሚያስልና ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ በዚያው ቀን መታየት አለበት። የአራስ ትንፋሽ ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ አንዴ ደግሞ መቁጠር ይገባል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ዓይንን ዝቅ አድርጎ የታችኛውን ደረት ማየት ነው። ጤነኛ ልጅ አየር ሲያስገባ ደረቱም ሆዱም ይነፋል። ሳንባው የከበደው ልጅ ግን አየር በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በገመድ የሚጎትተው ይመስላል። ይህንን አንዴ ያየ ወላጅ ዳግመኛ አይስተውም። ጋቢው ካልተገለጠ ግን አይታይም፤ ብዙ ልጆች በሽታቸው ሳይታወቅ የሚዘገየው «ብርድ እንዳይገባው» ተብሎ እንደተጠቀለሉ ስለሚታዩ ጭምር ነው። ልጁ ረጋ ብሎ ሳለ አየር ሲያስገባ ሻካራ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ወይም ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ትንፋሹ ያልፈጠነ፣ ደረቱም የማይሰረጉድ ልጅ ጉንፋን ነው የያዘው፤ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። አፍንጫውን በጨው ውኃ ማለስለስ፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ከፍ ላለው ልጅ ለብ ያለ መጠጥ መስጠት ይበቃል። ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ግን ፈጽሞ አይሰጥም። ቅቤ ማዋጥና በአፍንጫ ቅባት መጨመር ደግሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ቅባቱ ወደ ሳንባ ሲወርድ ራሱን የቻለ የሳንባ ቁስለት ያመጣል። የሳንባ ምች ተብሎ አሞክሳሲሊን ከታዘዘ ልጁ በሁለተኛው ቀን መጫወት ቢጀምርም እስከ መጨረሻው ቀን መሰጠት አለበት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ለውጥ ካልታየ ወይም ከባሰበት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ነው።

ተቅማጥ

ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ስለሚያሟጥጥ ነው፤ ስለዚህ ሕክምናው ማስቆም ሳይሆን መተካት ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ኦአርኤስ በየጤና ጣቢያውና በየፋርማሲው ይገኛል። ስህተቱ የሚፈጠረው አበጣጠሩ ላይ ነው። የአንድ ሊትር ከረጢት ከሆነ ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ መለኪያ ነው። «ትንሽ ልጅ ነው» ብሎ የከረጢቱን ግማሽ በዓይን ግምት መበጥበጥ ጨው የበዛበት ወይም ያነሰበት መጠጥ ይፈጥራል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። ስኳር ወይም ለስላሳ መጠጥ አይጨመርበትም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያለ ይሰጠዋል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ ይበልጥ በዝግታ መቀጠል ነው። ከዚህ ጋር የዚንክ እንክብል ለአሥር ቀናት ይሰጣል፤ ስድስት ወር ላልሞላው በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ለሞላው 20 ሚሊ ግራም። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩ ቀን መሙላት አለበት፤ ዚንኩ የሚቀጥለውንም ተቅማጥ ይከላከላልና። ጡትም ምግብም አይቋረጥም።

ውኃ መሟጠጡን ለማወቅ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ መልቀቅ ነው። ወዲያው ካልተመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰመጠ፣ ልጁ ከተነጫነጨና ውኃ ሲያይ ከተስገበገበ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ፈዝዞ መጠጣት ካቃተው ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። በሰገራው ደም የታየበት ወይም ተቅማጡ 14 ቀን የሞላው ልጅም መታየት አለበት። የወተት ጥርስ ማስነቀልን በተመለከተ በአጭሩ ለመናገር፣ በድድ ውስጥ ያለ ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም፤ ያልበቀለ ጥርስን በስለት ማውጣት ግን ደም መፍሰስን፣ ቁስለትንና ቲታነስን አምጥቶ ያውቃል። እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው።

ትኩሳት

ትኩሳት ሕመም ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው፤ ስለዚህ ማብረዱ ለልጁ ምቾት እንጂ ለመፈወስ አይደለም። ፓራሲታሞል የሚለካው በልጁ ክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ለምሳሌ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘው ሽሮፕ ለ10 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሽሮፑ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአፍ ሽሮፕ ሰጥቶ በዚያው ሰዓት በፊንጢጣ የሚገባውን መጨመር መጠኑን እጥፍ ማድረግ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆነ አካባቢ የሚኖር ወይም ሰሞኑን ወደ ቆላ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው ወባ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደሙ መመርመር አለበት። የአዲስ አበባ ልጅ ለክረምት ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ከተመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያተኩሰው የጉዞው ነገር ስለሚረሳ፣ ሳይጠየቁ መናገር ይጠቅማል።

ትኩሳት አንዳንድ ልጆችን ያንቀጠቅጣል። በዚያ ጊዜ ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ ከአካባቢው ስለታማና ጠንካራ ነገር ማራቅ፣ ሰዓት ማየት ነው። በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት፣ ውኃ መድፋት፣ ክብሪት ማሽተት አይገባም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ቆሞ ከተመለሰ አስቸኳይ ነው፤ ቶሎ ቢቆምም ማጅራት ገትር አለመሆኑ እንዲረጋገጥ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ተራ ሕመም ሲደጋገም

ከላይ የተነገረው ሁሉ አንድ ጊዜ ለመጣ ሕመም ነው። ለእኔ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን መደጋገሙ ነው። አንድ የስምንት ወር ሕፃን አስታውሳለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ የሳንባ ምች ተብሎ ነበር የመጣው፤ ሦስቱም ጊዜ የታዘዘለትን ወስዶ ተሽሎት ነበር። ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ ከአምስት ወሩ እምብዛም ፈቅ አላለም። «ሲጠባ ያልበዋል?» ተብላ ስትጠየቅ እናቱ ደነገጠች። «ግንባሩ ይረጥባል፤ እኔ ሙቀት መስሎኝ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ትንሽ ጠብቶ ለማረፍ ጡቱን እንደሚለቅ፣ እንደገናም እንደሚጀምር ነገረችን። ልቡ ሲደመጥ ያልተለመደ ድምፅ ነበረው፤ በአልትራሳውንድ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ክፍተት ተገኘ።

የዚህ ምክንያት ቀላል ነው። በግራ በኩል ያለው የልብ ክፍል በከፍተኛ ግፊት ስለሚሠራ ደሙ በክፍተቱ ወደ ቀኝ ያልፍና ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ ሳንባው ሁልጊዜ እርጥብ ስለሚሆን ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ኢንፌክሽንም ይደጋገማል። ልጁ ሲወለድ የሳንባው ግፊት ገና ከፍ ያለ ስለሆነ ክፍተቱ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል፤ ምልክቱ የሚጀምረው ግፊቱ በወረደባቸው ሳምንታት፣ ማለትም ወር ወር ተኩል ሲሆነው ነው። ስለዚህ «ሲወለድ ታይቶ ጤነኛ ነው ተብሏል» ማለት ልቡ ሰላም ነው ለማለት አይበቃም።

ወላጅ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሲጠባ ግንባሩ የሚያልበው፣ ጠብቶ የማይጨርስ፣ ክብደት የማይጨምር፣ ተኝቶም ትንፋሹ የሚፈጥን፣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሳንባ ምች የሚይዘው ልጅ። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገናኙ «ልቡ ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ዳውን ሲንድሮም ካላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስለሚኖራቸው፣ ምልክት ባይታይባቸውም ሁሉም የልብ አልትራሳውንድ ሊታዩ ይገባል።

ትንንሽ ክፍተቶች ብዙዎቹ በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ክትትል ብቻ ይበቃቸዋል። ትልቁ ግን ካልተዘጋ ከጊዜ በኋላ የሳንባ ደም ሥሮችን ያደነድናል፤ ያ ከሆነ በኋላ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አይቻልም። እዚህ ላይ ነው መዘግየት ዋጋ የሚያስከፍለው። በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የብዙ ዓመት ጥረት ውጤት ሲሆን፣ ተራው ረጅም እንደሆነ የሚታወቅ ነው፤ ስለዚህ ሪፈር እንደተጻፈ ሳይውል ሳያድር መመዝገብ ያስፈልጋል። ተራው እስኪደርስ የታዘዘውን መድኃኒት ሳያቋርጡ መስጠት፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መመገብ፣ ክትባት አለማጓደልና ጥርስ ሲበቅል ንጽሕናውን መጠበቅ የወላጅ ድርሻ ነው። የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት ከ2004 ዓ.ም.፣ የሮታ ቫይረስ ተቅማጥ መከላከያው ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፤ የልብ ታማሚ ልጅ ከማንም በላይ ያስፈልጉታል።

ሌላው ዓይነት የልብ ችግር ልጁን የሚያጠቁረው ነው። ሲያለቅስ ወይም ሲያምጥ ከንፈሩ፣ ምላሱና ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል። ከፍ ያለው ልጅ ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቁጢጥ ይላል፤ ሰው «ደከመው» ይላል እንጂ፣ ሰውነቱ ራሱን እያከመ ነው። ሕፃኑ በድንገት ሲጠቁርና ትንፋሽ ሲያጥረው ሳይደናገጡ በጀርባው አስተኝቶ ወይም በእቅፍ ይዞ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፎ መያዝ፣ ማባበልና ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ውኃ እንዳይጎድልበት ከሌላው ልጅ እጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

አራስ ልጅን ገልጦ ማየት

አብረው የሚወለዱ ችግሮች ብዙዎቹ ውስጣዊ አይደሉም፤ ልብሱ ሲወልቅ ይታያሉ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቀን በቀን ብርሃን፣ ገላው ሲታጠብ ከራሱ እስከ እግሩ ማየት በቂ ነው።

ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ መሆኑ በብዙ አራሶች ላይ የሚታይ ቢሆንም፣ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከጀመረ ወይም መዳፉና የውስጥ እግሩ ድረስ ከደረሰ አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ በሆስፒታል የሚሰጠውን የሰማያዊ ብርሃን ሕክምና አይተካም። ቢጫነቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ዳይፐሩን አይቶ መወሰን ነው። ሰገራው እንደ ሊጥ የነጣ፣ ሽንቱ ጨርቅ የሚያቀልም ከሆነ የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚሠምረው ሁለት ወር ሳይሞላው ነው። ሰገራው ቢጫ ሆኖ ልጁ ፈዛዛ፣ ሆዱ ድርቅ የሚል፣ ምላሱ ወፍራም፣ ለቅሶው ሻካራ ከሆነ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ በደም ይመረመር፤ በቶሎ ከተገኘ በቀን አንዲት እንክብል አእምሮውን ታድነዋለች።

እግሩ ወደ ውስጥ ከዞረ ቀስ ብሎ በእጅ መግፋት ነው። በቀላሉ ወደ ቦታው ከተመለሰ የማሕፀን አተኛኘት ያመጣው ነው፤ ካልተመለሰ የተቆለመመ እግር ይባላል። ሕክምናው ሐኪሙ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ያዳበሩት ዘዴ ሲሆን፣ በየሳምንቱ የሚቀየር ጄሶ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዙር ይደረግና ብዙውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቆረጣል። ከዚያ የሚለበሰው ልዩ ጫማ ለሦስት ወር ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ቀጥሎም እስከ አራትና አምስት ዓመት በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። እግሩ ተመልሶ የሚቆለመመው በአብዛኛው ቤተሰቡ «ተስተካክሏል» ብሎ ጫማውን ሲተወው ነው። ጄሶ ላይ እያለ የጣቶቹ ቀለም ከጠቆረ ወይም ከነጣ ሳምንቱን አይጠብቁም።

የላንቃ ክፍተት ከንፈር ሳይሰነጠቅ ብቻውን ሊኖር ስለሚችል፣ ወተት በአፍንጫው የሚመለስበት ልጅ ሲያለቅስ አፉን በባትሪ ማየት ይገባል። እስኪጠገን ድረስ ልጁን ቀና አድርጎ በትንሽ በትንሹ መመገብ፣ መጥባት ካልቻለ የታለበ ጡት በኩባያ መስጠት ነው። የከንፈሩ ቀዶ ሕክምና ከሦስት ወር ገደማ ጀምሮ፣ የላንቃው ደግሞ ዓመት ገደማ ይደረጋል፤ እስከዚያ ክብደቱ መጨመሩ ወሳኝ ነው።

በጀርባው መካከል እብጠት ወይም ክፍት ቁስል ካለ በንጹሕና እርጥብ ፋሻ ሸፍኖ በሆዱ አስተኝቶ ወዲያው መውሰድ ነው። የራስ ዙሪያው ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከዚያ ከፈጠነ፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረና ዓይኑ ወደ ታች ካዘነበለ በጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእነዚህ ልጆች ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። የጀርባው ክፍተት የሚፈጠረው ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት፣ እናቲቱ መፀነሷን ሳታውቅ ስለሆነ፣ ለመፀነስ ያሰበች ሴት ቀድማ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ልትጀምር ይገባል፤ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ከዚህ በጣም የበዛ መጠን በሐኪም ይታዘዝላታል።

ወደ ሐኪም ሲኬድ

የክትባት ካርዱንና ልጁ የወሰደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው መያዝ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የቆጠሩትን ትንፋሽና ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተመሳሳይ ነገር እንደያዘው በወረቀት መጻፍ የሐኪሙን ግማሽ ሥራ ይሠራል። ሌሊት ያስጨነቀው ትንፋሽ ወይም መጥቆር ተራ ሲጠበቅ ጠፍቶ ልጁ እየሣቀ ሊገባ ይችላልና፣ ምልክቱ በታየበት ሰዓት ደረቱን ገልጦ በስልክ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ መቅረጽ ጠቃሚ ነው። ሐኪሙ በዚያች ቪዲዮ ላይ ትንፋሹን ራሱ ሊቆጥር ይችላል።